የስልኩን ሶኬት አትቅበሩት

ቦንጋ ውስጥ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ስለ ቀለሙ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ጣቱን ወደ አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ይቀስርና «እሷን በስቱኮ ድፈናት» ይለኛል። ቀለም ቀቢ ነኝ። ስቱኮውም ስፓቱላውም በእጄ ስለሆነ ልድፈን ብል ጊዜ አይወስድብኝም። ግን እምቢ እላለሁ። ደንበኞቼ እምቢታዬን ከስንፍና እንዳይቆጥሩብኝ፣ ቤት የሚያሠሩ ሰዎችም ነገሩን ቀድመው እንዲያስቡበት ብዬ ይህን ጻፍኩ። አቋሜ አጭር ነው፦ ዓይን የሚያስቀይም የስልክ ሶኬት ይሸፈናል እንጂ አይቀበርም። በአዲስ ቤት ላይ ደግሞ ቦታው ልስን ከመመታቱ በፊት ይወሰናል።

ሶኬቱ ግድግዳው መሀል፣ ደረት ከፍታ ላይ ተሰክቶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው መስመሩን ያስገባውን ባለሙያ ነው። እኔ አልወቅሰውም። ያኔ ስልክ የሳሎን ጌጥ ነበር። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቤት ቁልፍ ይበጅለታል፤ ጎረቤት ሩቅ አገር ያለ ልጁን ሊያናግር ሲመጣ ወንበር ይቀርብለታል። ሶኬቱ የተተከለው ለዚያ ጠረጴዛና ለዚያ ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ሞባይል እኛም ዘንድ ደረሰ፤ ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ አብዛኞቹም ስልካቸው በኪሳቸው ነው። ጠረጴዛው ከሳሎን ወጣ፣ ሶፋና ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገባ፣ ሶኬቱ ግን ባለበት ቀረ።

ባለሙያውን የማልወቅስበት ሁለተኛው ምክንያት የቤቶቻችን አሠራር ነው። በእኛ በካፋ ብዙው ነባር ቤት ጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም። ስለዚህ ባለሙያው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ቋሚ እንጨት ይፈልጋል፤ ድምፁ ደፈን ያለበትን ሲያገኝ እዚያው ላይ ያስረዋል። ቋሚው የት እንደሚቆም የወሰነው ደግሞ ድሮ ቤቱን ያቆመው አናጢ ነው። ከፖሉ የመጣው ሽቦ በጣሪያው ክፈፍ ሥር ይገባና በዚያው ቋሚ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሚያልቀው ሽቦው ካለቀበት፣ ወይም የባለቤቲቱ ጠረጴዛ ካለበት ነው። ብሎኬት ቤትም ቢሆን ቱቦ ቀድሞ ካልተቀበረለት ዕጣው ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ አለ፤ ምን እናድርገው? ድፈነው የሚሉኝ ሰዎች መልሳቸው አንድ ነው፤ «ማን በሽቦ ስልክ ይደውላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

መጀመሪያ፣ ማንም የማይጠቀምበት ሽቦ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። የስልኩ ውል ካልተዘጋ በሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ። ሲደወል ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል። እንደ መብራቱ 220 ቮልት ባይሆንም፣ እጁ በስቱኮ የራሰና መሰላል ላይ ያለ ሰው ደንግጦ እንዲወድቅ ይበቃል። እርጥብ ስቱኮ ደግሞ ውሃ ነው። ተርሚናሉን ሲነካው ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ መስመሩ ይንሿሿል ወይም ጭራሽ ይሞታል። ቦንጋ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ ግድግዳውም እርጥበት የሚጠጣ ነው። እዚህ የተቀበረ መዳብ ደረቅ አገር ላይ ከተቀበረው ቀድሞ ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፣ ያ ሽቦ ሥራው ድምፅ ብቻ አይደለም። ብሮድባንድ ኢንተርኔት በዚሁ መዳብ ላይ ይመጣል። ባለ ሽቦው ተራ ስልክም ኃይሉን የሚያገኘው ከቤቱ ቆጣሪ ሳይሆን ከስልክ ጣቢያው ባትሪ ነው። መብራት ጠፍቶ የሞባይላችን ቻርጅ ሲያልቅ እሱ ይጠራል። መብራት ይጠፋል ብሎ ሻማ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ችላ ማለቱ ይገርመኛል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ የተቀበረ ነገር ይረሳል። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ቢሮ ሲሆን፣ ቢሮ የነበረው ተመልሶ መኖሪያ ሲሆን አያለሁ። ተከራይ ይገባል፣ ይወጣል። ሶኬቱን ያስደፈነው ሰው ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ተከታዩ ሰው መስመር ሲያስፈልገው ያለውን ስለማያውቅ አዲስ ያስበሳል። ወይም ፎቶ ሊሰቅል ሚስማር ይመታና ሽቦውን መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ውሉ ተዘግቶ፣ ሽቦው ከፖሉ ጀምሮ ተነቅሎ ከተነሳ፣ ሶኬቱም ወልቆ ቀዳዳው ቢደፈን ክፋት የለውም። ያኔ ስቱኮዬን ይዤ እመጣለሁ። የምቃወመው ሽቦው በውስጡ እያለ ፊቱን ብቻ መለሰንን ነው።

ለሚሸፍን ሰው ከሥራዬ ያየሁትን ልንገረው። ሶኬቱ ከመሸፈኑ በፊት ክዳኑ ይታጠብ። እኔ አሮጌ ቀፎ ሰክቼ ድምፅ አለው የለውም ብዬ ካዳመጥኩ በኋላ ክዳኑን በካቻቢቴ እፈታለሁ፤ ውስጡን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ክዳኑን በሳሙና አጥባለሁ። የተቆላ ቡና ጭስና የዕጣን ጭስ ነጭ ፕላስቲክን ቢጫ ያደርገዋል፤ በካፋ ምድር ደግሞ ቡና የማይቆላበት ሳሎን የት ይገኛል? ከአስቀያሚነቱ ግማሹ እድፉ ነው። ታጥቦ፣ ግድግዳው ተቀብቶ፣ ክዳኑ ሲመለስ «አሁንስ ይሁን» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ሶኬቱ ላይ ሮለር ማስኬድ ግን ነውር ነው። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና መሰኪያው አይገባም።

ካላጠገበው ይሸፈን። አንዲት እማማ ስለ ሶኬቱ ሳስረዳቸው ሰምተው ዝም አሉ። ቀለሙ ሲደርቅ «ልጄ፣ አንተ ሥራህን ጨርሰሃል፤ የቀረውን ለእኔ ተወው» አሉና ባለቀለም ሰፌድ ሰቀሉበት። ከዚያ የተሻለ መሸፈኛ አላየሁም። ሰፌድ ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ሲያስፈልግ በአንድ እጅ ይነሳል። የቀን መቁጠሪያም ይሆናል። ጥንቃቄው ሚስማሩ ላይ ነው። ሽቦው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከሶኬቱ አናት በላይ ሚስማር አይመታም። ስንዝር ያህል ወደ ጎን ይሂድና ማንጠልጠያው ክር ይርዘም።

ቡፌ ገፍቶ መሸፈን የብዙ ቤት ልማድ ነው። ግድግዳው ላይ ካልተለጠፈ አልቃወምም። በቡፌውና በግድግዳው መሀል አራት ጣት ያህል ክፍተት ከሌለ በክረምት ከኋላው ሻጋታ ያበቅላል፤ አይጥም ተደብቃ ሽቦውን ትበላለች። ሞደም ያለው ሰው ደግሞ አናጺ ዘንድ ሄዶ ከዋንዛ ትንሽ ባለ መዝጊያ ሣጥን ያሠራ። ሶኬቱም ሞደሙም የተጠላለፈው ሽቦም በውስጡ ይገባል። ሞደም ስለሚሞቅ ከላይና ከታች ቀዳዳ ይተውለት። የብረት ሣጥን ግን አይሆንም፤ ዋይፋዩን ያፍነዋል።

ሶኬቱ ጭራሽ መዛወር አለበት የሚል ሰው የመስመሩን ባለሙያ ይጥራ። ሽቦው በፕላስቲክ ትራንኪንግ ውስጥ ሆኖ ጥግ ጥጉን ወደ ዞኮሎው ይወርዳል፤ ትራንኪንጉን እኔ የግድግዳውን ቀለም ስቀባው ዓይን ያልፈዋል። ሽቦው መቀጠል ካለበት መቀጠያው ስካቶላ ውስጥ ይሁን። በናስትሮ ጠምጥሞ ልስን ሥር መክተት መቅበር ነውና ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ይመለከተዋል።

«ፋይበር ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይቀር የለ?» የሚለኝም አለ። እውነት ነው፣ ፋይበር የመዳቡን ሶኬት አይፈልግም። መግቢያ ግን ይፈልጋል። ፋይበር መስታወት ነው፤ በጠባብ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጠዋል፣ ካልሆነም ይሰበራል። ደህና መግቢያና ለስላሳ መታጠፊያ ያለው ቱቦ ከሌለ ቤቱ እንደገና ይበሳል፤ ሌላ ነጭ ሣጥን ሌላ ባልተመረጠ ቦታ ላይ ይለጠፋል። ሽቦው ቢቀየርም ችግሩ አይቀየርም።

ስለዚህ መፍትሔውን ከቀለም ቀቢ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ጉዳዩ የሚያልቀው ግድግዳው ገና እርቃኑን ሳለ ነው። ቤቱን የሚያሠራው ሰው ቴሌቪዥኑ የት እንደሚሆን፣ ቡናው የት እንደሚፈላ፣ ልጆቹ የት እንደሚያጠኑ ያውቃል። ያንን ለሠራተኛው ይንገረው። የመብራቱ ኮንዲዩት ሲቀበር ለስልክና ለኢንተርኔት የሚሆን ሌላ ቱቦ ጎን ለጎን ይቀበር። ከመብራቱ ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ፤ ለአደጋም ለመስመሩ ጥራትም ጥሩ አይደለም። በውስጡ ሲባጎ ይተውበት፤ የነገው ባለሙያ ሽቦውን አስሮ ይስባል። ጫፉ ከዞኮሎው ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከመብራት ሶኬት ሳይርቅ፣ ስካቶላ ውስጥ ያብቃ፤ ጥቅም እስኪመጣ ድፍን ክዳን ይልበስ። ጭቃ ቤትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ምርጉ ከመጀመሩ በፊት ቱቦው ቋሚው ላይ በሽቦ ቢታሰር ጭቃው ራሱ ይሸፍነዋል።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎችም ፕላኑ ላይ የመብራቱን መስመር ሲያዩ የስልኩንም ይጠይቁ። ቤቱን የሚያከራይ ሰው ከውሉ ጋር መስመሩ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ትንሽ ንድፍ ይስጥ፤ በእጅ የተሳለም ይበቃል። መስመር የሚያስገባ ባለሙያ ደግሞ መሰላሉን ከመዘርጋቱ በፊት የቤቱን ሰዎች የት እንደሚፈልጉት ይጠይቅ፤ እነሱም «አንተ እንዳየኸው» ብለው ወደ ጓዳ አይግቡ። ግድግዳው የእነሱ ነው። ከሁሉም የሚቀለው ግን በባለቤቱ እጅ ያለው ነው። ለሳኙ ሥራ ሊጀምር ሲመጣ በር ላይ ቆማችሁ «የስልኩ ቱቦ ገብቷል?» ብላችሁ ጠይቁት። አልገባም ካላችሁ፣ ሲሚንቶውም ሆነ ጭቃው አንድ ቀን ይቆይ።