ፀጉር ያበቀለ ዕጢና የሰው አፍ

በሰው ገላ ከሚበቅሉት ዕጢዎች መካከል ስም ያወጡለትን ሊቃውንት እንኳ ያስደነገጠ አንድ አለ። ቴራቶማ ይሉታል፤ «ቴራስ» በግሪክኛ አስፈሪ ፍጥረት ማለት ነው። በሴት እንቁላል ማምረቻ ላይ የሚወጣው ይህ ዕጢ ሲከፈት ፀጉር፥ ጮማ የመሰለ ቅባት፥ አንዳንድ ጊዜም ጥርስ ይገኝበታል። ይህን ያየ ዘመድ «መተት ነው፤ አብልተዋት ነው» ቢል አይገርምም። ሐሜተኛው ደግሞ ሆዷ የተነፋውን ልጃገረድ «አርግዛ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የእንቁላል ሕዋስ ማንኛውንም የገላ ክፍል የመሥራት ኃይል በውስጧ አላት፤ ከእነዚህ አንዷ ያለ ወንድ ዘር፥ ያለ ጊዜዋ መባዛት ስትጀምር ቆዳውንና ፀጉሩን ያለ ሥርዓት ትሠራዋለች። ስለዚህ ዕጢው ወንድ ባላወቀች ኮረዳም ላይ ይወጣል፤ ስለ ጠባይዋ የሚመሰክረው አንዳች ነገር የለም።

መንገደኛ ዱከምን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በቁርጥ ቤቶቿ ነው፤ እኔም አልወቅሰውም። ነገር ግን ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በዚያች ከተማ በፋብሪካ ሥራ ይውላሉ። ይህ ዕጢ የሚበዛውም በእነርሱ ዕድሜ፥ ከ20 እስከ 40 ባለው ነው። እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ግን ከነማምረቻው ሊጠመዘዝ ይችላል። ያን ጊዜ ልጅቱ ጎኗን ተወግታ፥ እያስመለሳት፥ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ትወድቃለች። የደም ሥሩ ታንቋልና ቶሎ ካልተፈታ ማምረቻው ይሞታል። እንግዲህ እናንተ በሠራተኛ አስተዳደር ወንበር አዲስ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፥ «የወር አበባ ነው፤ ይለፍላታል» ብላችሁ ፈቃድ ስትከለክሏት የምትከለክሏት የግማሽ ቀን ዕረፍት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኮረዳዋ ሳይሆን የእናቷ ነገር ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ «ክፉ ዕጢ አይመስልም» ሲል ሰው ቃሉን የዕድሜ ልክ ምስክር ወረቀት ያደርገዋል። እርግጥ ከ100 ሴቶች በ98ቱ፥ ወይም ከዚያም በሚበልጡት ላይ፥ ዕጢው ክፉ ሳይሆን ይቀራል። በቀሩት አንድ ወይም ሁለት ላይ ግን ሲኖር ሲኖር ወደ ነቀርሳ፥ ማለት ወደ ካንሰር ይለወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው በዕጢው ውስጥ የበቀለው ቆዳ ነው። ይህም በብዛት የሚታየው ከ45 ዓመት ወዲያ ሲሆን የዕጢውም ስፋት ብዙ ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከማምረቻው ሳይወጣ የተደረሰበት እንደሆነ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ከተሠራጨ በኋላ ግን ተስፋው እጅግ ያንሳል። እናቲቱም ሆዷ ሲገፋ «ዕድሜ አወፈረኝ» እያለች ነጠላዋን አስፍታ ታጣፋለች።

መንገዱ ሩቅ ነው የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ጄን ክሮፎርድ የተባለች ሴት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጕዛ ከሐኪሙ ከኤፍሬም ማክዳወል ቤት ደረሰች። ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበርና በነፍሷ እያወቀች ሆዷ ተከፍቶ 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ወጣላት፤ ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረች። ከዱከም ግን ቢሾፍቱ አጠገብ ናት፤ አዲስ አበባም 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ዕጢው ከወጣ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ነቀርሳ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነውና፥ ፀጉርና ጥርስ ታይቶበታል ተብሎ የተጣለ ዕጢ ምስጢሩን ይዞ ይቀበራል። ቤተሰቡ ለምርመራው መክፈልና መመላለስ ሲበዛበት «ወጥቶ የለም እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። ለዚህ ኃላፊው የሆስፒታሉ ጽሕፈት ቤት መሆን አለበት። ዕጢው በፎርማሊን ዕቃ ተደርጎ፥ የሴቲቱ ስምና ዕድሜ ተጽፎበት፥ በመሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ ይላክ፤ መልሱም በራሱ መንገድ ተመልሶ ለእርሷ ይነገራት። ዕድሜዋ ከ45 ያለፈ እንደሆነ መልሱ ሳይመጣ መዝገቧ አይዘጋ።