ሃምሳ ያመጣ ልጅ ምን ያውቃል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚነጋገረው ስለ አንድ አኃዝ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ግን የጨመረው የልጆቹ እውቀት ነው ወይስ ጥያቄው ቀለለ? መቶኛው ብቻውን ይህን አይመልስም። በሰሜን ጎንደር ደባት ገበያ ላይ ዘንድሮ ገብስ በዛ ለማለትም ቁናው የአምናው መሆኑን ማረጋገጥ ይቀድማል።

ሃምሳ ማምጣትም ግማሹን ማወቅ ማለት አይደለም፤ ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። ባለአራት ምርጫ 100 ጥያቄ ቀርቦለት ሲሶውን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ፣ የቀረውን በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 50 ያመጣል። ምንም የማያውቀውም 25 ገደማ ያገኛል።

የተማሪውን እውቀት ከጥያቄው ክብደትና ከግምት ለመለየት መላ ከተበጀ ቆይቷል። የዴንማርኩ የሂሳብ ሊቅ ጊዮርግ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራው የተማሪውን ችሎታና የጥያቄውን ክብደት በአንድ መለኪያ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ተማሪው በትክክል የመመለስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ችሎታው ሲልቅ ዕድሉ ይጨምራል። ሌሎች ሊቃውንትም የግምትን ድርሻ የሚያሰላ ቀመር አበጁ። በየዓመቱ ፈተና ውስጥ ጥቂት የጋራ ጥያቄዎች ካሉ፣ የአምናንና የዘንድሮን ተማሪዎች በትክክል ማወዳደር ይቻላል።

ለደባርቅና ለደባት ልጆች ግን ከማወዳደሩም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደባት ወረዳ ጭና ሲደርስ 8ኛ ክፍል ለመግባት ይጠባበቅ የነበረ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ በ2018 የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ትምህርቱ በተቋረጠበት ጊዜ ያመለጠው ክፍልፋይ ይሁን አልጀብራ፣ ድምር ውጤቱ አይናገርም። የሂሳብ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ፣ የከበደው ስሌቱ ይሁን ቋንቋው፣ እሱንም አይለይም። አንድ ዓይነት ውጤት ያመጡ ሁለት ልጆች ፈጽሞ የተለያየ እርዳታ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ቀመር አያስተምርም፤ የሚያስተምረው መምህር ነው። መምህሩ ግን የቱ ጋ እንደሚጀምር ማወቅ አለበት። ስለዚህ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን በየርዕሱ ዘርዝሮ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ፤ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ምሁራንም ከአካባቢው መምህራን ጋር ተቀምጠው ይተንትኑት። ተማሪን አለማወቁን ብቻ ነግሮ መሸኘት ምዘና አይባልም።