ቆዳችን አይወቀስ

የነጌሌ ነዋሪዎች ሆይ! በየፀጉር ቤቱ «ቆዳህ ስስ ነው እኮ» የምትባለዋ ማመካኛ ሰልችታናለች። ማጅራታችንን የሚልጠው «ዜሮ እንዲቆርጥ» ተብሎ ጫፍ ለጫፍ የተገጠመው የቶንዶስ ምላጭ ነው። የሚንቀሳቀሰው ምላጭ ከማይንቀሳቀሰው ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ ካለፈ ወይም ከተንጋደደ ቆዳ ይቆርጣል። ሁለቱን ብሎን በካቻቢቴ አላልቶ ማስተካከል፣ የዚህን የቀይ አፈራችንን አቧራ ጠርጎ ዘይት ጠብ ማድረግ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅም! የደማው ምላጭ ደግሞ ሳይጸዳ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። የጉበት በሽታ አምጪው ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ሕፃናቱም እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። እንግዲህ ባለሙያዎቻችን፣ ከመቀመጣችን በፊት ምላጩን አሳዩን፤ ካልተስተካከለና ካልጸዳ ተነሥተን እንሄዳለን።