ድጎማው በከረጢት ብቻ ለምን ይመጣል?

ክረምቱ ሊገባ ሲል «መንግሥት ለማዳበሪያ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ደጎመ» የሚል ዜና አይቀርም። በ2014 የተነገረን 15 ቢሊዮን ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ይደጎማሉ ተባለ። እኛ በድጎማው አልተጣላንም። የጤፍና የበቆሎ ገበሬ የዓለም ገበያን ዋጋ ብቻውን ይሸከመው የሚል ካለ፣ በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ የወጡበትን ክረምት ረስቷል።

ጠባችን ከከረጢቱ ጋር ነው።

እስቲ ዳሪሙን እንውሰድ፤ ኢሉባቦር ውስጥ ያለች የቡና ወረዳ ነች። የዚያ አገር ገበሬ በቆሎ ይዘራል፤ ለበቆሎውም ዩሪያ ይፈልጋል። ኪሱ ብር የሚያስገባለት ግን ቡናው ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ ቡና ደግሞ በአብዛኛው የፋብሪካ ማዳበሪያ አያውቅም። ስለዚህ በከረጢት የመጣ ድጎማ ቡናውን አልፎት ይሄዳል። ማዳበሪያው ከውጭ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩን የሚያመጣው ማን ነው ብትሉ፣ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ያው ቡና! በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ ተብሎ ተጨብጭቧል። እንግዲህ የዳሪሙ ገበሬ ባመጣው ዶላር የሌላው ማሳ ይደጎማል። ይሁን፣ መረዳዳት ነው። የእሱ ተራ ግን መቼ ነው?

የሚብሰው ጉንደላው ላይ ነው። (ለከተሜ ወዳጆቻችን፦ ያረጀን የቡና ዛፍ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ።) የግብርና ባለሙያው ይመጣና «ጎንድል» ይለዋል። ባለሙያው ልክ ነው፤ ያረጀ ቡና ምርቱ ትንሽ ነው፣ የተጎነደለው ሲያገግም ብዙ ይሰጣል። ግን እስኪያገግም ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ጨው በምን ይገዛ? ለዚህ ክፍተት የተመደበ ብር በየዓመቱ የድጎማ ዜና ውስጥ ሲነሳ ሰምተን አናውቅም። ከዚያ ደግሞ «ገበሬው አዲስ አሠራር አይቀበልም» ይባላል። ኧረ ሒሳቡን ስላወቀ ነው!

በ1994 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሜሪካ የገበሬዎቿን ድጎማ የሚያሳድግ ሕግ አጸደቀች። እዚያ በየትኛው ካውንቲ ማን ስንት ዶላር እንደተደጎመ ኢንተርኔት ላይ በስም ይገኛል፤ ትልልቆቹ እርሻዎች የአንበሳውን ድርሻ እንደሚወስዱ ሕዝቡ ያየውም በዚሁ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ ከማዳበሪያው ጎን ለጎን፣ ለጎነደለ ገበሬ ቡናው ፍሬ እስኪይዝ ድረስ በዛፍ ቁጥር የሚከፈል ብር ይያዝ። ሌብነቱስ ለሚለን፦ ጉቶ ሄዶ መቁጠር ይቻላል። የተከፋዮቹ ስም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማን እንዳልጎነደለ ጎረቤት ያውቃል። ብሩ ከየት ይምጣ ለሚለንም፣ ያ የተጨበጨበለት 2.6 ቢሊዮን ከማን ጓሮ ወጣ?

በጀት የሚጸድቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ካልተያዘለት፣ ለቀማው አልቆ የጉንደላው ወቅት ሲደርስ የዳሪሙ ገበሬ መጋዙን ይዞ ያረጀውን ቡናውን ያይና ወደ ቤቱ ይመለሳል።