ጎል ብቻ የምትቆጥሩ ሰዎች፣ አጥቂውን አላያችሁትም

ዛሪማ ላይ ኳስ የምናየው ዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ መብራት ካለ። አግዳሚው ጠባብ፣ ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነው፤ ክርክሩ ግን የአዲስ አበባን ስቱዲዮ ያስንቃል። በቅርቡ አንድ ግዙፍ አጥቂ 70 ደቂቃ ሙሉ ከሁለት ተከላካዮች ጋር ሲታገል ቆይቶ ተቀየረ። ገና ከሜዳው ሳይወጣ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ «ይሄ ደግሞ ምን ሠራ? አንድ ጎል የለው!» አለ። ቤቱ በሙሉ ተስማማ። ቡድኑ በዚያ ሰዓት 1 ለ 0 እየመራ ነበር። ጎሏ የተገኘችው በዚሁ ልጅ ላይ ከተሠራ ጥፋት በተመታ ቅጣት ምት ነው። ይህን ያስታወሰ አልነበረም። እሱ ከወጣ በኋላ ወደ ፊት የተመታች ኳስ ሁሉ እንደ ጎማ ነጥራ ስትመለስ ነበር። ይህንንም ያስተዋለ አልነበረም።

ጎረምሳውን አልወቅሰውም። የተማረውን ነው የተናገረው። ያስተማሩት በየጨዋታው ጎል ቆጥረው የሚበቃቸው ኮሜንታተሮች፣ «የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢን አስፈረምን» ብለው ፎቶ የሚለጥፉ የክለብ አመራሮች፣ እና እኛ ጋዜጠኞች ነን።

ክርክሬ አጭር ነው። የአጥቂን ዋጋ በጎል ብዛት ብቻ የሚተምን ክለብ ወይ ይከስራል፣ ወይ ይበድላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋል። የሚከስረው ደግሞ የራሱን ገንዘብ አይደለም። አብዛኞቹ የሊጋችን ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። የሚከስረው የእኔና የእናንተ ገንዘብ ነው።

እስቲ ማስረጃውን እንይ። በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ያነሳው ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የጌታነህን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ዋንጫው ወዴት ሄደ? ወደ ጎንደር። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው፣ በሊጉ ታሪክ አንድ ተጫዋች ብዙ ጎል ባገባበት በዚያው ዓመት ነው፤ ያ ተጫዋች ደግሞ የፋሲል አልነበረም።

«አንተ የሚስማማህን ዓመት መርጠህ ነው» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ተቃራኒውም አለ። በ2010 ኦኪኪ አፎላቢ ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆኗል። በ2015 እስማኤል ኦሮ አጎሮ ብዙ ጎል ሲያገባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫ ወስዷል። ጎል ዋጋ የለውም አላልኩም፤ ጨዋታ የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም በጎል ነው። የምለው የጎል ሠንጠረዡ የሚነግረን ኳሷን መጨረሻ ላይ የነካት ማን እንደሆነ ነው። ከዚያ በፊት ማን ምን እንደሠራ አይነግረንም።

አሁን ወደ ፋሲል ልመለስ፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በ2013 የአፄዎቹን የፊት መስመር የመራው ሙጂብ ቃሲም ነው። ሙጂብ ቀደም ሲል በተከላካይነት የሚታወቅ ተጫዋች ነበር። የተከላካይ ትከሻና የአየር ላይ ኳስ ይዞ ወደ ፊት መጣ፤ በዚያ ዓመት በጎል ብዛት ከአቡበከር ቀጥሎ ተቀመጠ። የዓመቱ ታሪክ ግን «29» እና «ሁለተኛው» ሆኖ ቀረ። ሻምፒዮኑ ቡድን ፊት ላይ ያቆመው ሰው ከጎሎቹ ውጭ ምን እንደሰጠ ለመቁጠር የሞከረ አላየሁም። ከዚያ ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። ሲሄድ ከፋሲል የጎደለው ጎሎቹ ብቻ ነበሩ? ወይስ ረጅም ኳስ ሲመጣ የሚያሳርፍለት ትከሻ፣ በማዕዘን ምት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያወጣ ጭንቅላት፣ የተጋጣሚን ሁለት ተከላካይ አስሮ የሚይዝ ሥጋትም ጭምር? መልሱን በቁጥር ያሳየን የለም። ዋጋውን ሳያውቁ የሸጡትን ዕቃ መተኪያውን እንዴት ይገዙታል?

ሌላም ችግር አለ፤ ይህ የእኛ የተመልካቾች ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። የጎንደር ሰው ቡድኑን በፋሲለደስ ስታዲየም መቀመጫ ላይ ሆኖ ከማየት ይልቅ በስክሪን ማየት ለመደ። ካሜራ ደግሞ ኳሷን ነው የሚከተለው። ስታዲየም ውስጥ ብትሆን አጥቂው ኳስ ሳይዝ ተከላካዩን ጎትቶ ወደ ጥግ ሲወስደው፣ ከኋላው የተከፈተውን ሜዳ ታያለህ። በስክሪን የምታየው ኳሷን ይዞ በተከፈተው ሜዳ የሚሮጠውን አማካይ ብቻ ነው። ጭብጨባው ለአማካዩ፣ ስድቡ «ለደረቁ» አጥቂ ይሆናል።

የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ የፊት አጥቂዋ ስቴፋን ጊቫርሽ አንድም ጎል አላገባም፤ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። በ2018 ፈረንሳይ እንደገና ሻምፒዮን ስትሆን ኦሊቪዬ ዢሩ በ7 ጨዋታ ጎል አላገባም፤ ዒላማውን የጠበቀ አንድ ምት እንኳ አልነበረውም። አሰልጣኙ ዲዲዬ ዴሻን ግን ከቋሚ አሰላለፍ አላወጣውም። ለምን? ዢሩ ተከላካዮችን ሲይዝ ምባፔና ግሪዝማን የሚሮጡበት ሜዳ ያገኙ ነበር። ዢሩ የእኛ ሊግ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ጨዋታ ተጠባባቂ፣ በጥር ዝውውር ደግሞ «በስምምነት ተለያይተናል» የሚል ደብዳቤ ይጠብቀው ነበር።

ይህን ስል ግን ወደ ሌላኛው ገደል እንዳንገባ እሰጋለሁ። «ጉልበተኛ ነው፣ ተከላካይ ያስፈራል» የሚለውም ባዶ ወሬ ሊሆን ይችላል። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ውስጥ «ፓወር ፎርዋርድ» የሚሉት የተጫዋች ዓይነት አለ። ግዙፍ ነው፤ ይጋጫል፣ ጎል ፊት ለፊት ቆሞ ይገፋል፣ ጎልም ያገባል። ከእነዚህ አንዱ ሚላን ሉቺች ነበር። በ2011 ከቦስተን ጋር ትልቁን ዋንጫ ወሰደ። በ2016 ኤድመንተን ኦይለርስ በ28 ዓመቱ ለ7 ዓመት በ42 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ክለቡ የገዛው የትናንቱን ሉቺች ነበር፤ ሜዳ ላይ የደረሰው ግን ፍጥነቱ የቀነሰ ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት 79 ጨዋታ ተጫውቶ ያገባው 6 ጎል ነበር፤ በ2019 ለሌላ ክለብ አሳልፈው ሰጡት። ዝና ለትናንት ይከፈላል፤ ደሞዝ ግን ለነገ ነው። ጡንቻን በስሜት መግዛትም፣ ጎልን በስሜት መግዛትም ያው ስሜት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «አሰልጣኙ ያውቃል» የሚል መልስ ሁሌ ይሰጠኛል። አሰልጣኙ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን በእኛ ሊግ አሰልጣኝ አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ የሚሰናበት ሰው ነው። እሱ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ክለቡ ከዜሮ ይጀምራል። ክለብ ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል።

ማስታወሻው ደግሞ ኮምፒዩተርና የውጭ ባለሙያ አይጠይቅም። እኔ ዲኤስቲቪ ቤት በደብተር እሞክረዋለሁ። ለአንድ አጥቂ አምስት ነገር ይመዘገብ፦ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ከተቀበላቸው ኳሶች ስንቱን ለጓደኛ አደረሰ? ስንት ቅጣት ምት አስገኘ? ኳስ ሲነጠቅ ስንት ጊዜ ተከታትሎ ተጫነ? በራሱ የግብ ክልል ስንት የማዕዘን ምት አወጣ? በመጨረሻም፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ተቆጠረበት፤ ሲወጣስ? ይህን የመጨረሻውን የሆኪ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ድክመቱንም ያውቁታል። ጥሩ ጓደኞች ያሉት ሰነፍ ጥሩ ቁጥር ያገኛል፤ ደካማ ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝም ይበደላል። ስለዚህ በአንድና በሁለት ጨዋታ አይፈረድም፤ አንድ ዙር ሙሉ ይመዝገብ፣ ከሌሎቹ አራቱ ጋር ይነበብ። ቢያንስ ከ«ምን ሠራ?» ይሻላል።

ሰበብም የለም። ሊጉ በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ የጨዋታዎቹ ቪዲዮ አለ። የጎደለው አይቶ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው።

ገንዘቡንም እናንሳው። በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አወጣ። ጣሪያው ስንት እንደሚከፈል ነገረን፤ ለምን እንደሚከፈል ግን አልነገረንም። ለማን 50፣ ለማን 20 እንደሚገባ የሚለይበት መለኪያ በሌለበት ጣሪያ ማውጣት ሚዛን ሳይኖር የእህል ዋጋ እንደ መወሰን ነው። ሚዛን በሌለበት ገበያ የሚጠቀመው ደላላ ብቻ ነው።

የሚበደለውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከእኛ አካባቢ አንድ ረጅም ልጅ ለሙከራ ወደ አንድ ክለብ ሄዶ ነበር። ሁለት ቀን አጫወቱት። በሦስተኛው ቀን «ስንት ጎል አገባህ?» ብለው ጠየቁት፤ «አንድም» አለ፤ አሰናበቱት። በሁለቱ ቀን ጎል ያገቡት ከጎኑ የነበሩት ልጆች ናቸው። የመጓጓዣውን የከፈለችው እናቱ ነበረች። ልጁ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልተጫወተም። ምናልባት በእርግጥ አይበቃም ነበር፤ እኔ ያንን አላውቅም። እነሱም ግን አላወቁም። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

በዚያ በዲኤስቲቪ ቤቱ ክርክር መሀል ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ። ሁላችን ከጮህን በኋላ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ የጫነ መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይሄድ ነበር። መኪናው ቆም ሲል ታኮውን ጎማው ሥር ይወትፋል። ደባርቅ ስንደርስ 'ጎበዝ ሹፌር' የምባለው እኔ ነኝ። ደሞዙን ስከፍለው ግን አልረሳሁትም፤ እሱ ባይኖር ገደል ውስጥ እንደምገኝ አውቃለሁ።»

የክለብ አመራሮች፣ የሚቀጥለውን አጥቂ ከማስፈረማችሁ በፊት አንድ ወረቀት አሳዩን። ጎሉን እኛም ቆጥረነዋል። ታኮውን ማን እንደያዘ ንገሩን።