ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ እናቶች

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 7 ቀን በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፥ በጉለሌ በሽሮ ሜዳ ሠፈር ፈትል የሚፈትሉ እናቶች መምህርነትን ደርበው ያዙ። ዛሬም ልጃቸውን በቤት ፊደል የሚያስቈጥሩ አሉ።

ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሉ ይወርደዋል፤ ከመካከል አንዲቱን ነጥለው ቢያሳዩት ግን ዝም ይላል። እናትም ልፋቴ ከንቱ ሆነ ብላ ታዝናለች። እኛ ግን ጆሮው ቀደመ፥ ዐይኑ ዘገየ እንላለን። የኔታዎች ከፊደል ቈጠራ ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስነብቡት ስለዚህ ነው፤ የለመደው ተራ ሲፈርስበት ልጁ በዜማ ማምለጥ አይቻለውም።

ፊደሉ በ33 ተራ 231 ነውና፥ ወጡ እስኪበስል በቀን አንዱን ተራ በስንደዶ እያስነኩ ማሳየት ይበቃል። ማታ ከመሥሪያ ቤት የሚመለሰው አባትም ጋዜጣውን ለብቻው ከመያዝ፥ ከአርእስቱ ላይ አንዲት ፊደል ልጁን ቢያስፈልገው ለእናቲቱ ዕረፍት ይሆንላታል።