ክፍት ኮድ ዘበኛ አይደለም

ለመሆኑ ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የተማሪዎችን ውጤት ወይም የሕሙማንን መዝገብ በክፍት ኮድ የፋይል መጋሪያ ሰርቨር ቢያኖር፣ ጠባቂው ማን ነው? «ኮዱን ዓለም ያየዋል» የሚለው መልስ የስንፍና መሸፈኛ ነው።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በኦውንክላውድ ላይ ይፋ የሆነው ስሕተት በአንዳንድ ሰርቨሮች የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለማንም መንገደኛ የሚገልጥ ነበር። ሠሪዎቹ መፍትሔውን ተናገሩ፦ ክፍተት የፈጠረውን ፋይል መሰረዝ፣ የይለፍ ቃሎችን መለወጥ። ይህን ግን የሰርቨሩ ባለቤት እንጂ ዓለም አይሠራለትም። በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በመረጃው ያዥ ላይ ነው።

እንግዲህ በጀት ሲያዝ የሰርቨሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጠባቂው ደመወዝም ይጻፍ። ሳይቃጠል በቅጠል!